ስማርት መነጽር በቤታችን እንሥራ፦ ከሌንሱ እስከ አማርኛ ፊደሉ

ስማርት መነጽር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ካሜራ ያለው፣ የሚያወራ፣ ውድ ዕቃ ነው። ጎግል በ2013 እ.ኤ.አ. «ግላስ» የተባለውን መነጽር ለመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሲያቀርብ ዋጋው 1,500 ዶላር ነበር። እዚህ የምንሠራው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ስልክ ላይ የተጻፉ ጥቂት የአማርኛ ቃላትን ተቀብሎ፣ አየር ላይ የተጻፉ አስመስሎ ለአንድ ዓይናችን የሚያሳይ መነጽር።

ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። ጆሮው የሚያስቸግረው ተማሪ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ከመምህሩ ወደ ጓደኛው ደብተር፣ ከደብተሩ ወደ ሰሌዳው ሲመላለስ ይውላል። ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ ዋና ዋናውን ነገር ስልኩ ላይ ቢጽፍለት፣ ቃላቱም ሰሌዳው ላይ ተደርበው ቢታዩት ትልቅ እረፍት ነው። እኔም ይህን ሥራ የያዝኩት ደብረ ማርቆስ ለምትማር የአክስቴ ልጅ ብዬ ነው። ሁለት እጁ የተያዘ ባለሙያም ይጠቀምበታል። መራዊ አካባቢ ባለው የቆጋ መስኖ ላይ ፓምፕ የሚጠግን ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል እጁን ሳይጠርግ ማንበብ ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን ገዝቶ ይጀምርና ሌንሱ ላይ ሲደርስ ሥራው ይቆምበታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከባዱ ነገር ብርሃኑን ወደ ዓይን ማድረስ ነው። ኮምፒውተሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌንስና ፕላስቲክ ይዘን ጠረጴዛ ላይ እንሞክራለን፤ ብር የምናወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይናችን ምን ይፈልጋል?

ዓይናችን 3 ሴንቲሜትር ላይ ያለን ጽሑፍ አያነብም። ጣታችሁን ወደ አፍንጫችሁ አስጠግታችሁ ብታዩት ይደበዝዛል። መጽሐፍ ስናነብ የምንይዘው 25 ሴንቲሜትር ያህል፣ ወይም ከዚያም ራቅ አድርገን ነው። ስለዚህ ትንሽ ስክሪን መነጽር ላይ ብቻ መለጠፍ ምንም አይፈይድም።

ችግሩን የሚፈታው ማጉያ ሌንስ ነው። እያንዳንዱ ማጉያ ሌንስ የራሱ የትኩረት ርቀት አለው። ስክሪኑን ከዚያ ርቀት ትንሽ ቀረብ አድርገን ስናስቀምጠው፣ ዓይናችን ምስሉን የሚያየው ሩቅ እንዳለ አድርጎ ነው። በቁጥር እንየው። የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሌንስ አለን እንበል። ስክሪኑ ከሌንሱ 9 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን፣ ምስሉ ከሌንሱ 90 ሴንቲሜትር ርቆ ይታያል፤ መጠኑም 10 እጥፍ ይሆናል። 22 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስክሪን 22 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ ክንዳችን ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ለማንበብ በጣም የሚመች ርቀት ነው።

የሩቅ ነገር የሚደበዝዝበት ሰው ስክሪኑን ወደ ሌንሱ ትንሽ ማስጠጋት ነው ያለበት። በ8.3 ሴንቲሜትር ላይ ቢያደርገው ምስሉ 50 ሴንቲሜትር ላይ ይመጣለታል። የራሱን መነጽር ሳያደርግ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ስክሪኑ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት አድርገን የምንሠራው። ገና ሲጀመር በማስቲሽ አታጣብቁት።

ሁለተኛው ጥያቄ ስክሪኑ ዓይናችንን ሳይጋርድ ምስሉ እንዴት ይምጣ የሚለው ነው። መልሱ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ማታ መብራት በርቶ መስኮት ስናይ ውጭውም ይታየናል፣ የራሳችን ፊትም ይታየናል። ግልጽ ነገር በ45 ዲግሪ ሲቆም ከሚመጣበት ብርሃን አስር በመቶ ገደማውን ያንጸባርቃል፣ ቀሪውን ያሳልፋል። ይህች አስር በመቶ ለእኛ ትበቃለች።

መንገዱ እንግዲህ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ጆሯችን አካባቢ ሆኖ ወደ ፊት ያያል። ብርሃኑ በጉንጫችን ጎን ወደ ፊት ይሄዳል። በ45 ዲግሪ የቆመ መስታወት ወደ አፍንጫችን በኩል ያጥፈዋል። ሌንሱን ያልፋል። ከዚያ ዓይናችን ፊት በ45 ዲግሪ የቆመው ግልጽ ፕላስቲክ ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። ሁለት ጊዜ ስለሚንጸባረቅ ጽሑፉ አይገለበጥም። መስታወቱን ትታችሁ በፕላስቲኩ ብቻ አንድ ጊዜ ብታንጸባርቁት ግን ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ያኔ ፕሮግራሙ ውስጥ ምስሉን መገልበጥ ያስፈልጋል።

ምን ምን ያስፈልገናል?

መሠረቱ የግንበኛና የበያጅ መከላከያ መነጽር ነው፤ ግልጽ የሆነው፣ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው። ይህን የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እነዚህ መነጽሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በቀላሉ ከማይሰበር ፖሊካርቦኔት ነው። የምንገጥመው ነገር ሁሉ ከመነጽሩ ውጪ በኩል ስለሚሆን፣ አንድ ነገር ተሰብሮ ቢፈነጠር እንኳ ዓይናችን ይጠበቃል። በዚህ ነገር ላይ አትደራደሩ። ዓይን ፊት የመስኮት መስታወት ስባሪ ማቆም ፈጽሞ አይሆንም።

ሌንሱን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወይም ከመነጽር ቤት ታገኙታላችሁ። ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀላል ነው። ስፋቱ 25 እስከ 30 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። መነጽር ቤት ከሄዳችሁ «ፕላስ 10» በሉ፣ ይገባቸዋል። ማጉያ ከገዛችሁ ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ። ቀን ላይ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፤ ሌንሱን ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ አርቁት። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ተገልብጦ ጥርት ብሎ ግድግዳው ላይ ሲታይ፣ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ ነው። በፀሐይ ግን አትለኩ፤ ያቃጥላል።

ለመስታወቱ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የወጣ የሃርድ ዲስክ ሳህን፣ ማለትም ውስጡ ያለው የሚያብረቀርቅ ክብ ዲስክ፣ የሚያክል የለም። የሚያንጸባርቀው ላዩ ስለሆነ ምስሉ ድርብ አይሆንም። የዴስክቶፖቹ በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው፣ በሴጌቶ ይቆረጣሉ። የላፕቶፕ ሳህን ግን ብዙ ጊዜ ብርጭቆ ስለሆነ ይፈነዳል፤ እሱን አትንኩት። 3 በ4.2 ሴንቲሜትር ቁረጡና ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት። ላዩን እንዳትጭሩት በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ። ሳህኑ ካልተገኘ የቦርሳ መስታወትም ይሠራል፣ ትንሽ ጥላ ቢኖረውም።

ዓይን ፊት ለሚቆመው ግልጽ ፕላስቲክ አክሪሊክ ወይም ከሌላ መከላከያ መነጽር የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ ጥሩ ነው። መጠኑ እንደ መስታወቱ 3 በ4.2 ይሁን። የሲዲ ሽፋን ብርሃን በደንብ ያንጸባርቃል፤ ሲሰበር ግን ስለታም ስለሆነ ለጠረጴዛ ሙከራ ብቻ ተጠቀሙበት።

ኮምፒውተሩ ራዝቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ነው። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በ15 ዶላር ዋጋ የወጣ፣ 65 በ30 ሚሊሜትር የሆነ፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ያለው ቦርድ ነው። 512 ሜጋባይት ሚሞሪ አለው፤ ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ የሚሸጥበት ዋጋ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ማስላክ ወይም ማዘዝ ያስፈልጋል።

ስክሪኑ 0.96 ኢንች ኦሌድ ይሁን፤ ባለ 128 በ64 ነጥብ፣ ባለ አራት እግር (እግር የምንለው ሽቦ የሚገናኝበትን ነጥብ ነው)፣ ኤስኤስዲ1306 የሚባለው። ነጩን ምረጡ። ቢጫና ሰማያዊ የሆነው ላይኛው መስመሩ ስለሚለያይ ለጽሑፍ አይመችም። ኦሌድ የግድ የሆነበት ምክንያት ጥቁር ነጥቦቹ ምንም ብርሃን አለማውጣታቸው ነው። ስለዚህ ፊደሉ ብቻ አየር ላይ ይታያል። ኤልሲዲ ብትጠቀሙ ዙሪያው ሁሉ ግራጫ ሳጥን ሆኖ ይጋርዳችኋል።

የቀረው ቀላል ነው። 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ መጫኛ ቁልፍ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ተጣጣፊ የኔትወርክ ገመድ፣ የጫማ ካርቶን፣ ጥቁር ወረቀት፣ ሆት ግሉ (በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ)።

ብር ሳታወጡ በስልክ ሞክሩት

ስክሪን ሳትገዙ ስልካችሁን እንደ ስክሪን ተጠቀሙ። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቃሉ 2 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት። ስልኩን መጽሐፍ ተደግፎ እንዲቆም አድርጋችሁ፣ ከፊቱ 9 ሴንቲሜትር ላይ ሌንሱን አቁሙ። ከሌንሱ ማዶ ፕላስቲኩን በ45 ዲግሪ ያዙና በጎን በኩል ዓይናችሁን አስጠግታችሁ እዩ።

ቃሉ ከፕላስቲኩ ማዶ፣ ሩቅ ቦታ ላይ ተንሳፍፎ ይታያችኋል። መስታወቱ ስለሌለ ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ አትደንግጡ። አሁን ሌንሱን ወደ ስልኩ አስጠጉ፣ አርቁ። ምስሉ የሚጠራበትን ቦታ በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። የራሳችሁ ዓይን ቁጥር ይሄ ነው፤ ካርቶኑን የምትቆርጡት በሱ ልክ ነው።

ሌንሱ ከፕላስቲኩ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ፕላስቲክ ሁለት ገጽ ስላለው ሁለቴ ያንጸባርቃል። ብርሃኑ ሌንሱን ካለፈ በኋላ ጨረሮቹ ትይዩ ለመሆን ስለሚቀርቡ፣ ሁለቱ ነጸብራቆች ዓይናችን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ሌንሱን ከፕላስቲኩ በኋላ ብታደርጉት ግን እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ይኖረዋል።

የትኛው ዓይናችሁ እንደሚያይልም አሁኑኑ እወቁ። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ፍጠሩ፤ በሱ ውስጥ አንድ ሩቅ ነገር እዩ። አንዱን ዓይን ስትጨፍኑ ነገሩ ከቀዳዳው ካልወጣ፣ ክፍት ያለው ዓይን ነው የበረታው። መነጽሩን በዚያ በኩል ሥሩት።

ቱቦው

ከካርቶን አራት ማዕዘን ቱቦ ሥሩ፤ ውስጡ 3 በ3 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ስክሪኑ ልክ ይገባበታል። ቅርጹ እንደ ማዕዘን የታጠፈ ነው። ረጅሙ ክንድ በጉንጭ ጎን ወደ ፊት ይሄዳል፣ አጭሩ ወደ አፍንጫ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ መስታወቱ በ45 ዲግሪ ይቆማል። አጭሩ ክንድ ጫፍ ላይ ሌንሱ ይገባል። ከስክሪኑ እስከ መስታወቱ መሐል 7፣ ከመስታወቱ መሐል እስከ ሌንሱ 2፣ ድምሩ 9 ሴንቲሜትር ይሆናል። የእናንተ ቁጥር 8.6 ከሆነ ከረጅሙ ክንድ ላይ ቀንሱ።

ውስጡን ሙሉ በሙሉ በማያብረቀርቅ ጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። ጥቁር ስኮች አትጠቀሙ፣ ያብረቀርቃል። ይህችን ነገር ብዙ ሰው ይንቃታል። ከግድግዳው የሚመለስ ብርሃን ፊደሉን ያደበዝዘዋል፤ ያለን ብርሃን ደግሞ አስር በመቶው ብቻ ስለሆነ ማባከን አንችልም።

ቱቦውን በመነጽሩ ክንድ ላይ በቀጭን ላስቲክ እሰሩት። ግልጽ ፕላስቲኩን ከመነጽሩ ውጪ፣ ከዓይናችሁ ፊት፣ በሌንሱ ትይዩ በ45 ዲግሪ አቁሙት። መጀመሪያ በስኮች ብቻ ይያዝ። መነጽሩን አድርጋችሁ ምስሉ ከመሐል ትንሽ ወደ ላይ እስኪሆን ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አዘንብሉት። ልክ መሐል ላይ ከሆነ የሰው ፊት ስታዩ ጽሑፉ አፍንጫው ላይ ያርፋል። ሲስተካከል በሆት ግሉ አጽኑት። ከአንድ ቀን በላይ በካርቶን ከተጠቀማችሁበት በኋላ ወደ ቀጭን ፕላስቲክ ወይም እንጨት ማሸጋገር ትችላላችሁ፤ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ልኩን ሰጥታችሁ ማሠራት ይቻላል። እኔ ግን ካርቶኑን እወደዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ በምላጭ ይስተካከላል።

ሽቦው

ኮምፒውተሩን መነጽሩ ላይ አንጭነውም። ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ባትሪ ደግሞ ከሰው ጆሮ አጠገብ ባይቀመጥ ይሻላል። ኮምፒውተሩና ፓወር ባንኩ የሸሚዝ ኪስ ወይም ወገብ ላይ ይሁኑ። ወደ መነጽሩ የሚወጣው የስክሪኑ አራት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

የስክሪኑ ቪሲሲ (ኃይል መግቢያው) ከቦርዱ እግር 1 ጋር ይገናኛል፤ 3.3 ቮልት ነው። ኤስዲኤ (የመረጃው ሽቦ) ከእግር 3፣ ኤስሲኤል (የምት መቁጠሪያው ሽቦ) ከእግር 5፣ ጂኤንዲ (የኃይሉ መመለሻ) ከእግር 6። መጫኛ ቁልፉ አንድ ጫፉ እግር 11፣ ሌላው እግር 9 ላይ ነው። የስክሪኖቹ የእግር ቅደም ተከተል እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ ላይ መጀመሪያ ጂኤንዲ፣ ሌላው ላይ ቪሲሲ ነው። የተጻፈበትን አንብቡ፤ ኃይሉ ተገልብጦ ከገባ ስክሪኑ ይሞታል።

የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘዋል። ኤስዲኤን ከጂኤንዲ ጋር በአንዱ ጥንድ፣ ኤስሲኤልን ከ3.3 ቮልቱ ጋር በሌላው ጥንድ አድርጉ። ኤስዲኤና ኤስሲኤል በአንድ ጥንድ ከተጠማዘዙ አንዱ የሌላውን ምልክት ይረብሻል፣ ስክሪኑም አልፎ አልፎ ይቀዘቅዛል። ርዝመቱም ከአንድ ሜትር አይለፍ።

የዜሮ 2 ደብልዩ እግሮች ሳይበየዱ ነው የሚመጡት። የብየዳ ካውያ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ሰፈራችሁ ያለ የሞባይል ጥገና ሂዱ። «ወንድሜ፣ እነዚህን ስድስት ሽቦዎች በይድልኝ፤ ጎን ለጎን ያሉት እንዳይነካኩ» በሉት። የስልክ ቦርድ ላይ ሲሠራ የሚውል ልጅ ይህ ለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት 3.3 ቮልቱና ጂኤንዲው አለመገናኘታቸውን በቴስተር እዩ።

ሶፍትዌሩን መጫን

ካርዱን ለማዘጋጀት አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የጓደኛም ይሁን የሱቅ። ራዝቤሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና «ላይት» የሚለውን፣ ዴስክቶፕ የሌለውን ስርዓት ምረጡ። ከመጻፉ በፊት በቅንብሩ ውስጥ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የስልካችሁን ሆትስፖት ስምና ቁልፍ አስገቡ። የሰዓት ቀጣናውን አዲስ አበባ አድርጉ፣ ቦርዱን ከሌላ መሣሪያ ሆኖ በጽሑፍ ማዘዣ የሆነውን ኤስኤስኤችን ክፈቱ። ሞኒተርም ኪቦርድም አያስፈልጋችሁም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ዜሮ 2 ደብልዩ የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ስልካችሁ ሆትስፖቱን በ5 ጊጋኸርዝ ከከፈተ ቦርዱ ጭራሽ አያየውም። ሆትስፖት ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ 2.4ን ምረጡ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፕ ባይኖራችሁም ችግር የለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጭናችሁ በኤስኤስኤች ወደ ቦርዱ ትገባላችሁ። ራስፒ ኮንፊግ የሚለውን የቦርዱን ቅንብር ከፍታችሁ፣ ስክሪኑ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን አይ-ስኩዌርድ-ሲ የሚለውን መገናኛ አብሩት። አይቱሲ ቱልስ የሚባለውን መፈተሻ ጫኑና የተገናኙ ዕቃዎችን አድራሻ እንዲፈልግ እዘዙት። በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ 3ሲ የሚል ከታየ ስክሪኑ ተገኝቷል። ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ ወደ ሶፍትዌር አትሂዱ፤ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ኤስዲኤና ኤስሲኤል ተለዋውጠው ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን ለምንጽፍበት ቋንቋ፣ ለፓይተን፣ የተለየ ማኅደር ፍጠሩ፤ አዲሱ ስርዓት ላይብረሪ (ሌሎች አዘጋጅተው የሰጡት የፕሮግራም ክፍል) በቀጥታ መጫን አይፈቅድም። ማኅደሩ ውስጥ ስክሪኑን የሚያዘውን ሉማ ኦሌድን፣ ጽሑፉን የሚስለውን ፒሎውን፣ ድረ ገጽ የሚከፍተውን ፍላስክንና መጫኛ ቁልፉን የሚያነበውን ጂፒአዮ ዜሮን ጫኑ። ይህን ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታና ሰዓት ጨርሱት። አንዴ ከተጫነ መነጽሩ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩና ቦርዱ የሚነጋገሩት በሆትስፖቱ ውስጥ ስለሆነ ዳታም አይቆጥርም።

ከዚያ ፕሮግራሙን በፓይተን ትጽፋላችሁ፤ የሚሠራው ይህን ነው። በፍላስክ አንድ ገጽ ይከፍታል፤ ገጹ ላይ አንድ የመጻፊያ ሳጥንና «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ። ጓደኛችሁ በስልኩ ብራውዘር የቦርዱን አድራሻ ከፍቶ ይጽፋል፣ ይልካል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን በመስመር በመስመር ይከፍለዋል፣ ሦስት ሦስት መስመር አድርጎ ያሳያል። መጫኛ ቁልፉ ሲነካ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከ15 ሰከንድ በኋላ ስክሪኑን ያጠፋል። ማጥፋቱ የግድ ነው፤ ኦሌድ አንድ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ነጥቦቹ ይደክማሉ፣ ዓይንም ይሰለቻል። ቁልፉ ለ5 ሰከንድ ተጭኖ ከተያዘ ቦርዱን በሥርዓቱ እንዲዘጋ አድርጉ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ቦርዱ ሲበራ በራሱ እንዲነሣ፣ ፕሮግራሞችን በሚያስነሣው በሲስተምዲ ውስጥ በአገልግሎትነት መዝግቡት።

አማርኛው

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ አማርኛ ስትልኩ ባዶ ሳጥኖች ይመጣሉ። ቦርዱ የእኛን ፊደል የያዘ ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዱ፣ ነፃ ነው። ደማቁን ዓይነት ተጠቀሙ። ስክሪናችን ነጥቡ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፣ መካከለኛ የለውም፤ ቀጭን ፎንት ላይ መስመሮቹ ይቆራረጣሉ።

መጠኑ ላይ አትሰስቱ። ለእንግሊዝኛ 10 ነጥብ ከፍታ ይበቃል። ለእኛ አይበቃም። የ«ቢ» እግርና የ«ቤ» ቀለበት በ12 ነጥብ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል። ለመስማት ለሚቸገር ሰው ግምት ማብዛት ደግሞ መልሶ ድካም ነው። እኔ 20 ነጥብ ላይ ነው የረጋሁት። በአንድ ገጽ ሦስት መስመር፣ በመስመር ሰባት ስምንት ፊደል ይገባል። ትንሽ ይመስላል፤ «ፈተና ሰኞ / ምዕራፍ 4 / አይካተትም» ግን በደንብ ይገባል። ጽሑፍ የሚልከው ጓደኛም በዚህ ልክ ማሳጠር ይለምዳል።

መስመር ስትከፍሉ በፊደል ብዛት አትቁጠሩ። «ጨ» እና «ጧ» ከ«ነ» በጣም ይሰፋሉ። ፒሎው የአንድን ጽሑፍ ስፋት በነጥብ ይለካል፤ ቃል በቃል እየጨመራችሁ ከ128 ሲያልፍ ወደ ቀጣዩ መስመር አውርዱ። ደስ የሚለው ነገር ፊደሎቻችን እርስ በርስ ስለማይቀጣጠሉ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ስለሚቆም፣ ዓረብኛ የሚያስፈልገው ዓይነት ተጨማሪ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ሰዓትና ቀንም ጨምሩበት። ከፈረንጁ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 6 ቀንሱ፣ ከ12 በላይ ሲሆን 12 አውርዱ፣ ከ0 በታች ሲሆን 12 ጨምሩ፣ 0 ሲመጣ 12 በሉት። 14:20 ከቀኑ 8:20 ይሆናል። ለቀኑ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. መስከረም 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. መሆኑን መነሻ አድርጉ። ያለፉትን ቀናት ቁጠሩ፣ ለ30 አካፍሉ፤ ድርሻው ላይ 1 ስትጨምሩ ወሩ፣ ቀሪው ላይ 1 ስትጨምሩ ቀኑ ይመጣል። ዓመቱ ሲሞላ ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗን አስሉ፤ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት።

አንድ ችግር አለ። ቦርዱ የራሱ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ ኢንተርኔት ካላገኘ ጠፍቶ ሲነሣ ሰዓቱ ይሳሳታል። ዲኤስ3231 የሚባል ትንሽ የሰዓት ቦርድ በእነዚያው አራት ሽቦዎች ላይ ብታክሉ ይፈታል። አድራሻው 68 ስለሆነ ከስክሪኑ ጋር አይጋጭም።

ኃይልና መብራት መጥፋት

5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 18.5 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውን ስንቀንስ 15 ያህል ይቀራል። መነጽራችን በአማካይ 1.5 ዋት ቢወስድ 10 ሰዓት ይሠራል፤ ሙሉ የትምህርት ቀን ማለት ነው። አንዳንድ ፓወር ባንክ ትንሽ ኃይል ብቻ ሲወሰድበት የተነቀለ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ቦርዱን ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ኃይሉ በድንገት ሲቋረጥ የሚጎዳው ሚሞሪ ካርዱ ነው። ሁሉ ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ራስፒ ኮንፊግ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚለውን አብሩት። ካርዱ ለመነበብ ብቻ ይሆናል፣ ገመዱ ቢነቀልም አይበላሽም። ፕሮግራሙን ማሻሻል ስትፈልጉ ታጠፉታላችሁ።

ስትለብሱት

ክፍል ውስጥ በደንብ ይታያል። ባሕር ዳር ቀትር ላይ፣ ጣና ዳር ቆማችሁ ግን ምንም አታዩም፤ የኦሌዱ ብርሃን ፀሐይን አይችልም። ከግልጽ ፕላስቲኩ ውጪ በኩል ትንሽ የመኪና ቲንት ብትለጥፉ በጣም ይሻሻላል። ሌንሱን ግን ፀሐይ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ስክሪኑን ልታቃጥለው ትችላለች፤ ካርቶኑም ይያያዛል። ሳትጠቀሙበት በጨርቅ ጠቅልሉት።

ደብረ ማርቆስ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ሌንሱ በእንፋሎት ይሸፈናል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት፣ እንፋሎቱ አይይዝም። በክረምት ዝናብ ከያዛችሁ ካርቶኑ ስለሚለሰልስ ውጪውን በግልጽ ስኮች ሸፍኑ።

መንገድ ስታቋርጡ፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ስትነዱ አውልቁት። ፈተና ክፍልም ይዛችሁ አትግቡ። ፍተሻ ያለበት በር ላይ ሰውነት ላይ ሽቦና ባትሪ ታስሮ መገኘት ማንንም ያስደነግጣል፤ ከመድረሳችሁ በፊት አውልቃችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት፣ ምን እንደሆነም በግልጽ ንገሩ።

ካሜራ ጨምሩበት ለምትሉኝ፣ ቦርዱ ላይ የካሜራ ማስገቢያ አለ፤ ጠባብ የሆነውን ገመድ ለብቻ መግዛት ነው። እኔ ግን አልጨመርኩም። ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክፍል ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው እየተቀረጽኩ ይሆን ብሎ መሳቀቅ የለበትም። ካሜራ እንደሌለው ለማሳየት ቱቦውን ከፍታችሁ ስክሪኑን አሳዩት። ለዚህ እንዲመች የቱቦውን የኋላ ክዳን ሳታጣብቁ በላስቲክ ብቻ ያዙት።